ደብዛዛው ስክሪን ለምን አሸነፈ?

ጌም ቦይን ዛሬ የሚያነሳ ሰው መጀመሪያ የሚለው «ይሄ ነው እንዴ?» ነው። እኔም ብያለሁ። ስክሪኑ ቀለም የለውም፤ ከአረንጓዴ እስከ ጥቁር የሚሄዱ 4 ድምቀቶች ብቻ ናቸው። መብራትም ስለሌለው ማታ አምፖል ስር ካልተቀመጥክ አይታይም።

ኒንቴንዶ እ.ኤ.አ. በ1989 ሲያወጣውም ቢሆን ኋላ ቀር ነበር። የዚያው ዓመት አታሪ ሊንክስም ሆነ በ1990 የመጣው የሴጋ ጌም ጊር ባለቀለምና ባለመብራት ነበሩ። ግን 6 ድንጋይ ጎርሰው በጥቂት ሰዓታት ይጨርሱታል። ጌም ቦይ በ4 ድንጋይ ከ10 ሰዓት በላይ ያጫውታል።

ይህ የአጋጣሚ ነገር አይደለም። የኒንቴንዶው ጉንፔ ዮኮይ መርሁ የታወቀ ነበር፦ የተለመደና የረከሰ ቴክኖሎጂን ላልታሰበ ነገር ማዋል። በ1980 በካልኩሌተር ስክሪን «ጌም ኤንድ ዎች»ን የሠራውም በዚሁ መርህ ነው። ቴትሪስ ሲጨመርበት ደግሞ ነገሩ አለቀ፤ የሚወርዱትን ጡቦች ለመደርደር ቀለም ማን ይፈልጋል?

ከጌም ቦይ ከለር ጋር ተደምሮ ከ118 ሚሊዮን በላይ ተሸጧል። አሁን የኔ ስልክ ስክሪኑ ያምራል፤ ገና ሳይመሽ በጠፋብኝ ቁጥር ግን ዮኮይ ትዝ ይለኛል።