ካርቱም፦ የመብራትና የውኃ ወጪን ለመቀነስ የቤት ባለቤቶች ምን ማድረግ ይችላሉ?

በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በተቀሰቀሰው ጦርነት ከካርቱም የተሰደዱ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ነዋሪዎች፣ የሱዳን ጦር ሠራዊት በግንቦት 2017 ዓ.ም. የካርቱም ግዛትን ሙሉ በሙሉ መቆጣጠሩን ካወጀ በኋላ ወደ ሰፈሮቻቸው ሲመለሱ ቆይተዋል። ብዙዎቹን የጠበቃቸው ግድግዳና ጣሪያ ብቻ ነው። የመዳብ ሽቦው ከግድግዳ ውስጥ ተመዝዞ ተወስዷል፤ ፍሪጁና ኤሲው የሉም፤ በየሰፈሩ ትራንስፎርመሮች ሳይቀሩ ተዘርፈዋል።

ባዶ የቀረን ቤት እንደገና ማደራጀት ከባድ ወጪ ነው። በዚያው ልክ ደግሞ ብዙ ጊዜ የማይገኝ ዕድል ይዞ ይመጣል። አሁን የሚገዛው ማቀዝቀዣ፣ ጣሪያው የሚቀባው ቀለም፣ የሚዘረጋው ሽቦና የሚተከለው የውኃ ታንከር ቤተሰቡ በቀጣዮቹ ዓመታት በየወሩ የሚከፍለውን ገንዘብ ይወስናሉ።

ይህ ጽሑፍ በካርቱም የአየር ጠባይና አሠራር መሠረት ወጪን የሚቀንሱ መንገዶችን ይዘረዝራል። አብዛኞቹ እንደ መተማ፣ ሑመራ፣ ጋምቤላና ድሬዳዋ ባሉ ሞቃታማ አካባቢዎች ለሚኖሩም ይጠቅማሉ።

ወጪው ከየት ይመጣል?

ሱዳን ለረጅም ዓመታት የኤሌክትሪክ ኃይልን በመንግሥት ድጎማ ከማምረቻ ዋጋው በታች ስታቀርብ ቆይታለች። በ2001 ዓ.ም. የተመረቀውና 1,250 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ያለው የመረዌ ግድብ የአገሪቱ ዋነኛ የኃይል ምንጭ ሆነ። ይሁን እንጂ የከተማዋ ፍላጎት ከአቅርቦቱ በላይ እያደገ ሄደ።

የሽግግር መንግሥቱ በ2013 ዓ.ም. ድጎማዎችን ሲያነሣ የመብራት ታሪፍ በብዙ እጥፍ ጨመረ፤ የነዳጅ ዋጋም ተከተለ። በጥር 2014 ዓ.ም. የተደረገው ሌላ ጭማሪ በሰሜናዊ ግዛት የሚገኙ ገበሬዎችን ለተቃውሞ አስነሥቶ ወደ ግብፅ የሚወስደው አውራ ጎዳና እስከመዘጋት ደርሶ ነበር።

ከጦርነቱ ወዲህ ደግሞ ወጪው ከቆጣሪው ውጭ ሆኗል። በጥር 2017 ዓ.ም. በመረዌ፣ በግንቦት 2017 ዓ.ም. ደግሞ በኦምዱርማን የኃይል ማሠራጫዎች ላይ የተፈጸሙ የድሮን ጥቃቶች ከተማዋን በጨለማ ውስጥ ከትተዋታል። የውኃ ማጣሪያዎችና መግፊያዎች የሚሠሩት በኤሌክትሪክ በመሆኑ መብራት ሲጠፋ ውኃም ይጠፋል። ስለዚህ አንድ ቤተሰብ ወርኃዊ ወጪውን ሲያሰላ የጄኔሬተር ነዳጅን፣ በአህያ ጋሪ የሚመጣ ውኃን፣ በረዶን፣ ከሰልንና የስልክ ባትሪ ማስሞያን አብሮ መደመር ይኖርበታል። ብዙ ጊዜ ትልቁ ወጪ የሚገኘው ከእነዚህ መካከል ነው።

ከሁሉ በፊት ማስላት

በካርቱም አብዛኛው መኖሪያ ቤት የሚጠቀመው በቅድመ ክፍያ ቆጣሪ ነው። ደንበኛው ከሽያጭ ቦታ ወይም በስልክ የባንክ መተግበሪያ ገንዘብ ከፍሎ የሚሰጠውን ቁጥር ቆጣሪው ላይ ያስገባል። ይህ አሠራር ሳይጠበቅ የሚመጣ የወር መጨረሻ ሂሳብን ያስቀራል። በሌላ በኩል ግን ቀሪውን ቁጥር በየዕለቱ ለማይከታተል ሰው ፍጆታውን ይሰውራል።

ቀላሉ መንገድ የቆጣሪውን ቁጥር ለአንድ ሳምንት በየማታው በተመሳሳይ ሰዓት መመዝገብ ነው። ከዚያ አንድ ዕቃ ብቻ ሥራ ላይ እያለ ቁጥሩ በአንድ ሰዓት ምን ያህል እንደቀነሰ ማየት ይቻላል። ታሪፉ በእርከን የሚጨምር በመሆኑ በወሩ መጨረሻ የሚባክነው ኃይል በወሩ መጀመሪያ ከሚባክነው ይልቅ ኪስ ይጎዳል። ቁጠባው የሚቆርጠው ከላይኛው፣ ማለትም ከውዱ እርከን ነው።

ስሌቱ አስቸጋሪ አይደለም። በዕቃው ላይ የተጻፈውን ዋት በሥራ ሰዓት አባዝቶ ለ1,000 ማካፈል የኪሎዋት ሰዓት ፍጆታውን ይሰጣል። 1.5 ኪሎዋት የሚወስድ ኤሲ በቀን 8 ሰዓት ያለማቋረጥ ቢሠራ 12 ኪሎዋት ሰዓት፣ በወር 360 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል። 70 ዋት የሚወስድ የጣሪያ ማራገቢያ ለተመሳሳይ ሰዓት በወር የሚፈጀው 17 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው። ይህ ልዩነት የካርቱም ቤት ወጪ በዋናነት የሙቀት ወጪ መሆኑን ያሳያል።

ሙቀቱን ከጣሪያው ላይ ማስቀረት

በካርቱም ከመጋቢት እስከ ሰኔ ባሉት ወራት የቀን ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴልሺየስ ማለፉ የተለመደ ነው። ከተማዋ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 15 ዲግሪ አካባቢ ላይ ስለምትገኝ፣ ፀሐይ በሚያዝያ መጨረሻና በነሐሴ መጀመሪያ በቀትር ልክ በአናቷ ላይ ትቆማለች። በዚያ ወቅት ከግድግዳው ይልቅ ብዙ ሙቀት የሚቀበለው ጣሪያው ነው።

ስለዚህ ገንዘብ ያጠረው ባለቤት መጀመር ያለበት ከጣሪያው ነው። የቆርቆሮም ሆነ የሲሚንቶ ጣሪያን ነጭ ቀለም ወይም ኖራ መቀባት የፀሐዩን ጨረር ወደ መጣበት ይመልሰዋል። አቧራ ነጩን ቀለም ስለሚያደበዝዘው ከአሸዋ አውሎ ነፋስ በኋላ መጥረግ ያስፈልጋል። በጣሪያውና በኮርኒሱ መካከል ያለው ክፍተት አየር የሚያስወጣ ቀዳዳ ከሌለው ሙቀቱ ተጠራቅሞ ሌሊቱን ሁሉ ወደ ክፍሉ ይወርዳል።

ሁለተኛው የምዕራቡ ግድግዳ ነው። ከሰዓት በኋላ የሚያርፍበትን ፀሐይ ከውጭ በኩል መከለል ከውስጥ መጋረጃ ከመስቀል የበለጠ ይሠራል፤ መጋረጃው የሚያስቆመው ሙቀቱ መስታወቱን ካለፈ በኋላ ነውና። ሱዳናውያን ከቤታቸው ፊት ለፊት ከእንጨትና ከሣር ወይም ከሰሌን የሚሠሩት ራኩባ የተባለው ዳስ ይህንኑ ሥራ በትንሽ ወጪ ይሠራል። ዛፍም እንዲሁ፤ ጊዜ ግን ይፈልጋል።

ጃሉስ የሚባለው ባህላዊ የጭቃ ቤት ወፍራም ግድግዳ የቀኑን ሙቀት አዘግይቶ ያስገባል። እንዲህ ያለ ቤት ያለው ሰው በጥድፊያ አፍርሶ በቀጭን ብሎኬት ከመተካቱ በፊት ቢያስብበት መልካም ነው። ግድግዳው ግን ከዝናብና ከጎርፍ ሊጠበቅና በየዓመቱ ሊለሰን ይገባዋል።

ኤሲ ወይስ የትነት ማቀዝቀዣ?

በካርቱም ቤቶች መስኮት ላይ በብዛት የሚታየው ሣጥን መሰል መሣሪያ በውኃ ትነት የሚሠራ ማቀዝቀዣ ነው። ደረቅ አየር በእርጥብ ንጣፍ ውስጥ ሲያልፍ ውኃው ይተንና ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። መሣሪያው የሚያንቀሳቅሰው ማራገቢያና ትንሽ የውኃ ፓምፕ ብቻ በመሆኑ 300 ዋት የሚወስድ ቢሆን በቀን 8 ሰዓት ሠርቶ በወር 72 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል፤ ከላይ ከተጠቀሰው ኤሲ አንድ አምስተኛ ማለት ነው።

ሦስት ነገሮችን ግን ማወቅ ያሻል። አንደኛ፣ ይህ መሣሪያ ከኤሲ በተቃራኒ የሚሠራው በተቃራኒው በኩል ያለ መስኮት ገርበብ ሲል ነው። ዝግ ክፍል ውስጥ እርጥበቱ ይጠራቀምና ማቀዝቀዙ ያቆማል። ሁለተኛ፣ በሐምሌና በነሐሴ የዝናቡ እርጥበት ሲመጣ አቅሙ ይቀንሳል። ሦስተኛ፣ ውኃ ይጠጣል። ቧንቧ ባልተመለሰበትና ውኃ በበርሜል በሚገዛበት ሰፈር በመብራት የዳነው ገንዘብ ለጋሪ ነጂው ሊከፈል ይችላል። ስለዚህ ሁለቱን ወጪዎች ጎን ለጎን አስቀምጦ ማወዳደር ይገባል።

ኤሲ የሚገዛ ሰው የሞተሩን ፍጥነት እንደ ሙቀቱ የሚያስተካክለውንና ኢንቨርተር የሚባለውን ዓይነት ቢመርጥ በረጅም ጊዜ ያተርፋል። መቆጣጠሪያውን 18 ዲግሪ ላይ ማድረግ ክፍሉን ቶሎ አያቀዘቅዘውም፤ መሣሪያው ሳያርፍ እንዲሠራ ብቻ ያደርገዋል። 25 ወይም 26 ዲግሪ ላይ አድርጎ ማራገቢያ መጨመር ተመሳሳይ ምቾት በትንሽ ኃይል ይሰጣል። በአቧራማዋ ካርቱም ማጣሪያውን በየሁለት ሳምንቱ ማጠብ ገንዘብ የማይጠይቅ ቁጠባ ነው።

ፍሪጅ፣ አምፖልና ማብሰያ

አምስት ባለ 60 ዋት አምፖሎች በቀን 5 ሰዓት ሲበሩ በወር 45 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃሉ። በባለ 9 ዋት ኤልኢዲ ቢተኩ ፍጆታው ከ7 ኪሎዋት ሰዓት በታች ይወርዳል። ከዚህ ያነሰ ገንዘብ ተከፍሎበት ቶሎ የሚመለስ ግዢ አይገኝም።

ፍሪጅ ቀንና ሌሊት ይሠራል። ከግድግዳ ጥቂት ራቅ አድርጎ፣ ከምድጃና ከፀሐይ አርቆ ማስቀመጥ፣ የበሩ ላስቲክ ወረቀት አጥብቆ መያዙን መፈተሽ ፍጆታውን ይቀንሳል። ለመጠጥ ውኃ ግን ሱዳን ጥንታዊ መፍትሔ አላት፤ ዚር። ውኃው በሸክላው ቀዳዳዎች በኩል እያላበ ሲተን በውስጥ ያለው ይቀዘቅዛል። በዳርፉር የሸክላ ሠሪ ሴቶች ማኅበር ይህንኑ ዘዴ አትክልት ለማቆየት ተጠቅሞበታል፤ አንዱ ማሰሮ በሌላው ውስጥ ገብቶ መካከሉ በእርጥብ አሸዋ ይሞላል። ዚሩ ሊከደንና በየጊዜው ሊታጠብ ይገባል።

የኤሌክትሪክ ምጣድ ለሚጠቀሙ የኢትዮጵያና የኤርትራ ቤተሰቦች ትልቁ ጫና እሱ ነው፤ በአብዛኛው ከ3 ኪሎዋት በላይ ይወስዳል። ምጣዱን በየቀኑ ለጥቂት እንጀራ ከማጋል ይልቅ የሳምንቱን በአንድ ወይም በሁለት ጊዜ መጋገር፣ ለማሟሟቅ የሚባክነውን ኃይል ያተርፋል። ባቄላና ሌላ ጥራጥሬን ሌሊቱን ዘፍዝፎ ማደርና በግፊት ድስት ማብሰል ደግሞ የጋዝ ሲሊንደሩን ዕድሜ ያራዝማል።

ውኃ

መብራት በሚጠፋበት ከተማ ውኃን ባለ ጊዜ ማጠራቀም ቁጠባ ነው። ከፍ ብሎ የተተከለ ታንከር ያለው ቤት ፓምፑን በቀን አንድ ጊዜ አስነሥቶ ቀኑን ሙሉ ሊጠቀም ይችላል። ታንከሩ የተከደነና ጥላ ያለው መሆን አለበት። በግንቦት 2017 ዓ.ም. ካርቱምን የመታው የኮሌራ ወረርሽኝ እንዳሳየው፣ ንጹሕ ያልሆነ ውኃ በመጠጣት የሚገኝ ቁጠባ የለም። በጋሪ የመጣ ውኃ ለመጠጥ ከመዋሉ በፊት ሊፈላ ወይም በክሎሪን ሊታከም ይገባል።

የመጸዳጃ ቤት ታንከር ሳይታወቅ የሚያፈስ መሆኑን ለማወቅ ጥቂት ቀለም ያለው ፈሳሽ ጠብ አድርጎ ግማሽ ሰዓት መጠበቅ ይበቃል። ቀለሙ ሳይለቀቅ ወደ መቀመጫው ከወረደ ላስቲኩ መቀየር አለበት።

የፀሐይ ኃይል፦ ምን ያህል ይበቃል?

ከጦርነቱ ወዲህ የፀሐይ ኃይል ማመንጫዎች በካርቱም ጣሪያዎች ላይ ተበራክተዋል። የተለመደው ስሕተት የቤቱ ፍጆታ ሳይቀንስ መሣሪያ መግዛት ነው። አምስት ኤልኢዲ አምፖሎች፣ ሁለት ማራገቢያዎች፣ አንድ ቆጣቢ ፍሪጅና የስልክ ማስሞያ ያለው ቤት በቀን 3 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይበቃዋል። ለዚህ 1 ኪሎዋት ያህል ፓነል በቂ ነው፤ በካርቱም ፀሐይ በጥሩ ቀን ከ4 እስከ 5 ኪሎዋት ሰዓት ሊሰጥ ይችላልና። ኤሲ ሲጨመር ግን ዋጋው በአንዴ በብዙ እጥፍ ይዘልላል።

ፓነሉ ወደ ደቡብ ዞሮ 15 ዲግሪ ያህል ቢያዘነብል ይመረጣል። ፓነል ብርሃን ይወድዳል፣ ሙቀት ግን ያዳክመዋል፤ ስለዚህ ከሥሩ አየር የሚያልፍበት ክፍተት ያስፈልገዋል። አቧራው በማለዳ፣ መስታወቱ ሳይግል ቢታጠብ ጥሩ ነው። ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚበላሸው ባትሪው ነው። የእርሳስ አሲድ ባትሪ በሙቀት ዕድሜው በእጅጉ ስለሚያጥር በቤቱ ቀዝቃዛ ጥግ መቀመጥ አለበት፤ የሊቲየም ብረት ፎስፌት ባትሪ ውድ ቢሆንም የበለጠ ይቆያል።

የት ይጀመር?

ለረጅም ጊዜ ተዘግቶ የከረመ ወይም ሽቦው የተመዘዘ ቤት ኃይል ከመቀበሉ በፊት በባለሙያ ሊፈተሽ ይገባል። ጄኔሬተር ያለ መቀያየሪያ ማብሪያ ከቤቱ መስመር ጋር ቢገናኝ ኃይሉ ወደ ውጭ መስመር ተመልሶ ጥገና ላይ ያለን ሠራተኛ ሊገድል ይችላል። ጢሱም ሽታ የሌለው መርዛማ ጋዝ ስላለበት ጄኔሬተር ቤት ውስጥ ወይም መስኮት ሥር መሥራት የለበትም።

ከዚያ በኋላ ቅደም ተከተሉ ግልጽ ነው፤ መጀመሪያ ጥላና ነጭ ጣሪያ፣ ቀጥሎ አምፖልና ማራገቢያ፣ ከዚያ ፍሪጅና ማቀዝቀዣ፣ በመጨረሻ የፀሐይ ኃይል። ቀዳሚው የሚቀጥለውን ያረክሰዋል፤ ሙቀቱ የቀነሰ ቤት ትንሽ ማቀዝቀዣ፣ ትንሽ ማቀዝቀዣ ያለው ቤት ደግሞ ትንሽ ፓነል ይበቃዋል።

እንደ ዴም ባሉና ብዙ ኢትዮጵያውያን ለዓመታት በኖሩባቸው ሰፈሮች ለሚከራዩ፣ ሲለቁ ይዘው የሚሄዱትን ማለትም አምፖል፣ ማራገቢያና ተነቃይ ፓነል ማስቀደም ይሻላል። የጣሪያ ቀለምን የመሰለ ቋሚ ሥራ ግን ከቤቱ ባለቤት ጋር በኪራይ ስምምነቱ ውስጥ ቢገባ ለሁለቱም ይጠቅማል።

ኢትዮጵያም ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በየሦስት ወሩ የሚጨምርና ለአራት ዓመታት የሚዘልቅ የመብራት ታሪፍ ማሻሻያ ሥራ ላይ አውላለች። በየእርከኑ ለሚከፍል ለማንኛውም ቤተሰብ፣ ቁጠባው የሚጀምረው በየማታው የቆጣሪውን ቁጥር ከመመዝገብ ነው።