ፀሐይ የምታቃጥለው በሙቀቷ ነውን?

ፀሐይ ቆዳን የምታቃጥለው በሙቀቷ ይመስላችኋል? እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1801 ዮሐን ሪተር የተባለ ጀርመናዊ በፀሐይ ብርሃን ውስጥ ዓይን የማያየው ጨረር እንዳለ ደረሰበት። በ1821 ደግሞ ኤቨራርድ ሆም የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም በገዛ እጆቹ ያደረገውን ሙከራ አሳተመ። ሁለቱንም ፀሐይ ላይ ዘረጋቸው፤ አንዱን ባዶውን፣ ሌላውን በጥቁር ጨርቅ ሸፍኖ። ይበልጥ የጋለው የተሸፈነው ነበር፤ የተቃጠለው ግን ባዶው!

እንግዲህ ጥፋቱ የጨረሩ ነው። ከፍታ በጨመረ ቁጥር ደግሞ ይበረታል፤ ስለዚህ የደጋው ነፋስ ቀዝቃዛ ነው ብላችሁ አትዘናጉ። በእኩለ ቀን ሰፊ ባርኔጣ ወይም ጋቢ ጣል አድርጉ። ጋቢ ይሞቃል ትሉ ይሆናል፤ የሆምም ጨርቅ ሞቆ ነበር እኮ። ጥቁር ቆዳ በመጠኑ ይጋርዳል። የቆዳ ቀለም ሳይኖረው የተወለደ ልጅ ግን ይህ መከላከያ የለውም፤ በቀትር ከብት ጠብቅ ብላችሁ አትላኩት።