ከደጋው ማሳ እስከ ሸሕዲ ቆላ፦ የገና ጨዋታና የወል ሜዳ ታሪክ

ዱላ ይዞ፣ ድቡልቡል ነገር እያባረሩ ሜዳ የመዋል ልማድ ከአንድ አገር ብቻ የፈለቀ አይደለም። በግብፅ ቤኒ ሐሰን በሚገኝ፣ ከክርስቶስ ልደት 2000 ዓመት ገደማ በፊት በተሠራ መቃብር ግድግዳ ላይ፣ ሁለት ሰዎች ጫፋቸው የታጠፈ በትሮች አጋጥመው፣ በመካከላቸው ክብ ነገር አኑረው ተሥለዋል። ፋርሶች ጨዋታውን በፈረስ ላይ አወጡት። ቻይናውያን በሶንግ ነገሥታት ዘመን ኳስን በዱላ እየመቱ ጉድጓድ ያስገቡ ነበር። አየርላንዳውያን ሀርሊንግን፣ ስኮትላንዳውያን ሺንቲንና ጎልፍን ይዘው ዘለቁ። የእኛ ድርሻ ገና ነው። ዱላና ኳስ በየአገሩ ከተገኙ፣ አንዱን ጨዋታ ለዘመናት ያኖረው ሌላውን ያጠፋው ምንድን ነው? የኢትዮጵያን ደጋ፣ የስኮትላንድን ጠረፍና የምዕራብ ጎንደርን ቆላ አብሮ ለተመለከተ ሰው መልሱ ያለው ሜዳው ላይ ነው።

ከአገራችን እንነሣ። በትውፊት እንደሚነገረው የክርስቶስን መወለድ የሰሙ እረኞች ከደስታቸው ብዛት በያዙት በትር ተጫወቱ፤ ጨዋታውም በየዓመቱ ታኅሣሥ 29 ቀን ከልደት በዓል ጋር የሚከበር ሆነ። ትውፊቱ የጨዋታውን መንፈስ ሲገልጽ፣ የግብርናው ዘመን አቆጣጠር ደግሞ አኗኗሩን ይገልጻል። በታኅሣሥ ማብቂያ በአብዛኛው ደጋ ሰብሉ ታጭዶ ወደ አውድማ ገብቷል። ክረምቱን ሙሉ ማንም የማይረግጠው የአንድ ገበሬ ማሳ ቃርሚያ ብቻ ይቀርበታል፣ ከብት በጋራ ይለቀቅበታል፣ ሰውም ይሄድበታል። የገና ሜዳ ማለት እንግዲህ ከአጨዳ በኋላ ለጊዜው የሁሉ የሆነ መሬት ነው። ይህን ነጥብ አጥብቄ የምይዘው ኋላ የመጣው ለውጥ ሁሉ የሚያያዘው ከዚሁ ጋር ስለሆነ ነው።

አጨዋወቱ የቡድን ነው። መንደር ከመንደር፣ የላይ ሰፈር ከታች ሰፈር፣ ያገባ ካላገባ ይገጥማል። ዱላው ከጠንካራ እንጨት ተቆርጦ ጫፉ በእሳት ይቆለመማል፤ ሩር የሚባለው ኳስ ከዛፍ ሥር ይጠረባል ወይም ከጠፍር ይጎነጎናል። ሩሩ መሐል ሜዳ ይቀመጣል፣ ሁለቱ ወገኖች ይፋጠጡበታል፣ ከተቃራኒው ድንበር ያሳለፈ ወገን ያሸንፋል። በጥንቱ ልማድ የተጫዋች ቁጥር አይገደብም ነበር፤ ሜዳ የወረደ ሁሉ ይሰለፋል። አንድ ሰው ለብቻው የሚያገኘው ነጥብ የለም። ያሸነፈው ወገን በግጥም የተሸናፊውን መንደር ያሽሟጥጣል፣ ተሸናፊውም መልስ ያዘጋጃል። ቅኔውና ሩጫው አንድ ላይ የሚሄዱበት ስፖርት በአገራችን ከገና ሌላ ብዙ አላውቅም።

በነገሥታቱ ዘመን ጨዋታው ከመንደር ማሳ ወደ መንግሥት ሜዳ ወጣ። አዲስ አበባ ከተቆረቆረች በኋላ ጃንሜዳ የጥምቀት፣ የፈረስ ግልቢያና የገና ሜዳ ሆነ። የዚህ ዘመን ትልቁ ባሕርይ ማኅበራዊ ነው። በዚያ ቀን ጌታ በሎሌው ቢመታ ወይም ቢሰደብ እንዳይቆጣ ልማዱ ያስገድደው ነበር። ማዕረግ በጠነከረበት ሥርዓት ውስጥ በዓመት አንድ ቀን መኳንንቱና አሽከሩ በአንድ መስመር ላይ ቆሙ። ለማጠቃለል፣ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ገና ሁለት ምሰሶ ነበረው፤ አንዱ ከአጨዳ በኋላ የሚከፈት የወል መሬት፣ ሁለተኛው ማንንም የማያገልል ቡድን።

እዚህ ላይ ወደ ስኮትላንድ መሻገር ግድ ይላል፤ ተመሳሳይ ጨዋታ ሌላ ዕጣ የገጠመው በዚያ ነውና። እ.ኤ.አ. በ1457 የስኮትላንድ ፓርላማ ሰዉ የቀስት ልምምዱን እንዳይተው ሲል ጎልፍንና እግር ኳስን ከለከለ። ክልከላው አልያዘም። በሴንት አንድሩስ ከተማ ዳርቻ ያለው አሸዋማ የባሕር ጠረፍ ከ12ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የከተማው ሕዝብ የወል መሬት ነበር፤ ሰው በግ ያሰማራበታል፣ ልብስ ያሰጣበታል፣ ጎልፍ ይጫወትበታል። እ.ኤ.አ. በ1764 በዚሁ ሜዳ የነበረው 22 ጉድጓድ ወደ 18 ተቀነሰ፤ ዛሬ በዓለም ዙሪያ የሚሠራበት ቁጥር ይኸው ነው። የጥንቱ ጎልፍ ውድድርም ወገን ከወገን፣ ጉድጓድ በጉድጓድ የሚረታታበት ነበር። ጠቅላላ ምትን የመቁጠር ልማድ ኋላ የመጣ ሲሆን፣ የቀድሞው ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1927 በተጀመረው የራይደር ዋንጫ የቡድን ግጥሚያ እስከ ዛሬ አለ።

ከሁሉ በላይ የሚያስተምረው ግን የመሬቱ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1797 የከተማው ምክር ቤት በዕዳ ተይዞ ሜዳውን አሳልፎ ሰጠ፤ ጥንቸል የሚያረቡ ነጋዴዎች ገቡበት፤ ተጫዋቹና አርቢው ለሃያ ዓመት ያህል ተካሰሱ። እ.ኤ.አ. በ1894 በወጣ ሕግ መሬቱ ወደ ከተማው ተመለሰ። ዛሬም ሜዳው የሕዝብ ነው፤ እሑድ እሑድ ጨዋታ ቆሞ ነዋሪው ይንሸራሸርበታል። ጎልፍን ያተረፈው የባለጸጎች ፍቅር ብቻ አልነበረም፤ የወል መሬትን በሕግ የመለሰ ከተማም ነበር።

ጎልፍ ወደ እኛ ሲመጣ በተቃራኒው መንገድ መጣ። በአዲስ አበባ በእንግሊዝ ኤምባሲ ሰፊ ግቢ ውስጥ፣ ኋላም በአሮጌው አውሮፕላን ማረፊያ አካባቢ በክለብ ደረጃ ተተከለ፤ ሁለቱም የታጠረ ግቢ ነው። የስኮትላንድ እረኛና ዓሣ አጥማጅ የተጫወተው ጨዋታ አዲስ አበባ ሲደርስ የአባላት ሆነ፤ የራሳችን ገና ደግሞ በዚያው ዘመን ሜዳውን እየተነጠቀ ነበር።

የነጠቀው ግን ጎልፍ አይደለም። ከ1928 ዓ.ም. የቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ ምሥረታ ጀምሮ የከተማ ወጣት ልቡን ለእግር ኳስ ሰጠ፤ በ1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የአፍሪካን ዋንጫ ስታነሣ ፍቅሩ ጸና። ከተማ ሲሰፋ ከአጨዳ በኋላ የሚከፈት ማሳ የለም፤ ባዶ መሬት ሁሉ ቁጥርና ካርታ ያለው ቦታ ነው። ጨዋታውን ለማዳን የባህል ስፖርት ፌዴሬሽን ገናን ከትግል፣ ከፈረስ ጉግስ፣ ከገበጣ፣ ከኩርቦ፣ ከሻህና ከቀስት ጋር አሰልፎ ደንብ አወጣለት፤ ክልሎችም በየዓመቱ ይወዳደሩበታል። ሥራው ሊመሰገን ይገባዋል። ዳኛ፣ የጊዜ ገደብና የተወሰነ የተጫዋች ቁጥር ጨዋታውን ከመረሳት አድነውታል። የጎደለው የየዕለቱ ሜዳ ነው፤ በዓመት አንድ ጊዜ በስታዲየም የሚታይ ጨዋታ ከመንደር ልጆች እጅ ርቋል።

አሁን ወደ ምዕራብ ጎንደር ቆላ፣ ወደ መተማ እንውረድ። መተማ የጠረፍ ገበያና የጦር ሜዳ ስም ነው። እንግሊዛዊው ተጓዥ ሳሙኤል ቤከር በ1854 ዓ.ም. በዚህ ሲያልፍ ከዳርፉር የመጡ ተክሩሮች የያዙትን፣ የደጋው ቡና የሚወርድበትን ገበያ አየ። በመጋቢት 1881 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ 4ኛ ከመሐዲስቶች ጋር ተዋግተው የወደቁት እዚሁ ነው። ከዚያ በኋላ አካባቢው ለረጅም ጊዜ ሰው የሳሳበት፣ ወባ የሚፈራበት፣ የዕጣን ዛፍና የሸመል አገር ሆኖ ቆየ። ሦስተኛውን ምዕራፍ የከፈተው እርሻ ነው። የሰሊጥና የጥጥ ሰፋፊ እርሻዎች በየዓመቱ የቀን ሠራተኛ ከደጋ ጠሩ፤ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የተካሄደው ሰፈራ ብዙ ቤተሰብ አወረደ። በአገሩ ቋንቋ ሳሉግ የሚባለው ሠራተኛ ለአንድ አጨዳ መጥቶ ዕድሜውን የኖረበት ጊዜ ብዙ ነው። ሸሕዲ፣ ወይም ገንዳ ውሃ፣ ከዚህ ፍልሰት ያደገች ከተማ ናት፤ በ2010 ዓ.ም. የምዕራብ ጎንደር ዞን ሲቋቋም ዋና ከተማው ሆነች።

ከደጋ የወረደ ሰው በዓሉን ይዞ ይወርዳል። ቆላው ግን የጨዋታውን ዱላና ሜዳ ይፈትናል። ለዱላ የሚሆነው ወይራ በዚህ ሙቀት አይበቅልም፤ ዱላ ከአገሩ እንጨት መቆረጥ አለበት፤ ይህ ቀላሉ ነው። ከባዱ ጊዜውና መሬቱ ነው። ሰሊጡ በጥቅምት አካባቢ ቢገባም በታኅሣሥ ጥጥ ይለቀማል፣ ማሽላ ይቆረጣል፤ መሬቱም በሄክታር የተያዘ የገበያ እርሻ ስለሆነ ከአጨዳ በኋላ ለወል ጨዋታ የመከፈት ልማድ የለውም። ደጋው ሜዳን ሳይጠየቅ በየዓመቱ ይሰጥ ነበር፤ በቆላው ሜዳ የሚገኘው በውሳኔ ብቻ ነው።

ውሳኔው ሊዘገይ አይገባውም። የቅርብ ዓመታት ግጭቶች በአካባቢው ሰው መካከል ጥርጣሬ ትተዋል፤ ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህም የሱዳን ጦርነት ያፈናቀላቸው ሰዎች በመተማ በኩል ገብተዋል። ጉሙዝ፣ ቅማንት፣ ከጎጃምና ከወሎ የመጣ ሰፋሪ፣ ሱዳናዊ ስደተኛ በአንድ ገበያ ይውላል። ማንንም የማያገልል ቡድን እንዲህ ባለ ከተማ ከጌጥ ያለፈ ፋይዳ አለው። ደንቡ ተጽፏል፣ ዱላው በቀላሉ ይሠራል፣ ወጣቱ ሞልቷል። የሸሕዲ ከተማ አስተዳደርና የዞኑ ስፖርት ባለሥልጣናት በከተማው ፕላን ላይ አንድ የማይታጠር፣ የማይሸጥ የሕዝብ ሜዳ ያመልክቱ፤ ታኅሣሥ 29 ቀን ደግሞ ሰፈር ከሰፈር እንዲገጥም ይፍቀዱ።