ሙቀትን ማን ተሸከመው? ከይፋት ቆላ እስከ ደብረ ብርሃን

በማለዳ ከደብረ ብርሃን ወደ ደሴ የሚነሳ አውቶቡስ ውስጥ "መስኮት ክፈቱ" የሚል ሰው አታገኙም። ሁሉም በጋቢው ተጠቅልሎ ነው የሚሄደው። ጣርማ በር ላይ በዋሻው ሾልካችሁ ደብረ ሲናን አልፋችሁ ቁልቁል ስትወርዱ ጋቢው ከትከሻ መንሸራተት ይጀምራል። አርማንያ ላይ ጃኬት ይወልቃል። ሸዋ ሮቢት ስትደርሱ የመስኮቱ ጠብ ይነሳል፤ አንዱ በሙቀቱ ታፍኖ ይከፍታል፣ ሌላው "ንፋስ ይመታኛል" ብሎ ይዘጋል።

ይህ ሁሉ የሆነው መቶ ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለው፣ ሸዋ ሮቢት ደግሞ 1,280 ሜትር ገደማ። አየር በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ በአማካይ ስድስት ዲግሪ ተኩል ያህል ይቀዘቅዛል። ሁለቱ ከተሞች እንግዲህ በአሥር ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይራራቃሉ ማለት ነው። አባቶቻችን ቴርሞሜትር ሳይኖራቸው ይህንን ነገር ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ፣ ውርጭ ብለው ደርድረውታል።

አሁን አሁን ከውጭ ዘመድ ያላቸውና ቤት የሚሠሩ ሰዎች አንድ ጥያቄ ያነሳሉ፤ "ሂት ፓምፕ የሚሉት ማሞቂያ ለኛ አገር ይሆናል ወይ? የትኛውንስ እንምረጥ?" ጥያቄው ጥሩ ነው። ግን ይህ ተዳፋት ለዚሁ ጥያቄ ለብዙ መቶ ዓመታት የየራሱን መልስ ሲሰጥ ስለኖረ፣ እስቲ መጀመሪያ እሱን እንመልከት። (ከአንዱ በስተቀር ዓመታቱ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

የመጀመሪያው መልስ ሰውን ማንቀሳቀስ ነበር። ከ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ በወላስማ ሥርወ መንግሥት የተመራው የይፋት ሱልጣኔት ከተሞች ፍርስራሽ ዛሬም አለ፤ አስበሪና ኖራ ከነዚህ መካከል ናቸው። በድንጋይ የተሠሩ ናቸው፣ የቆሙትም ከአዋሽ ሜዳ ከፍ ብሎ፣ ከደጋው ደግሞ ዝቅ ብሎ ባለው ተዳፋት ላይ ነው። የአርጎባ መንደሮችም እስከ ዛሬ በአብዛኛው ጋራ ላይ ናቸው። ከከሚሴ አካባቢ ያለችውን ሾንኬን ያየ ሰው ያውቀዋል፤ ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ፣ በእንጨትና በአፈር የተሠራ ጠፍጣፋ ጣሪያ፣ ቤቱ ከቤት ጋር ተጠጋግቶ። ወፍራም ድንጋይ የቀኑን ሙቀት ቀስ ብሎ ይጠጣዋል፤ ወደ ውስጥ የሚያደርሰው አየሩ በቀዘቀዘበት ሰዓት ነው። ያለ መብራት፣ ያለ ሞተር።

በርግጥ ጋራ የተመረጠው ለሙቀት ብቻ ነው ካልን እናጋንናለን። ከጠላት መጠበቅም ነበር፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ወባ ነበረች። ቆላ ወርዶ ያደረ ሰው ንዳድ ይዞት ይመለሳል። ሜዳው የሚታረስ፣ የሚነገድበት፣ ከብት የሚሰማራበት ነበር፤ መኖሪያው ግን ከፍ ያለው ነው።

ነገሥታቱም እንዲሁ ነበሩ። የሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ (1813–1847) በአንኮበር፣ በአንጎለላና በደብረ ብርሃን እየተመላለሱ ነበር የሚኖሩት። በ1841 ዊልያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ የመራው የእንግሊዝ መልእክተኛ ቡድን ከታጁራ ተነስቶ የአፋርን በረሃ አቋርጦ የመጣው በአልዩ አምባ በኩል ነው። አልዩ አምባ የይፋት ትልቅ ገበያ ነበረች። የቆላው ጥጥና የአሳል ሐይቅ ጨው ከታች ይመጣል፤ እህልና ሱፍ ከላይ ይወርዳል። ልብ በሉልኝ፦ ቆላው ጥጥ ያመርታል፣ አርጎባው ይሸምነዋል፤ ደጋው ደግሞ የመንዝ በግ አለው፣ ከሱፉ ባና ይሠራል። ባና ሙቀት አይሰጥም፤ የራሳችሁን የሰውነት ሙቀት ይዞ ያስቀርላችኋል። ከማንኛውም ማሞቂያ በፊት መግዛት ያለባችሁም እሱን ነው። ደብረ ብርሃን በብርድ ልብስ ፋብሪካዋ መታወቋ ያለ ምክንያት አይደለም።

ሁለተኛው መልስ ማገዶ ነው፤ ይህ ግን ዕዳ አለው። ከአንኮበር በኋላ የምኒልክ ቤተ መንግሥት እንጦጦ ላይ ሲሆን ብርዱም የእንጨት እጦቱም ከባድ ነበር። እቴጌ ጣይቱ ወደ ፍልውሃ ወረዱና በ1886 አዲስ አበባ ተቆረቆረች። አንድ ዋና ከተማ መሬት ራሷ የምታሞቀውን ውሃ ተከትሎ ቁልቁል ወረደ ማለት ነው። አልበቃም። ጥቂት ዓመት ሳይቆይ በዙሪያው ያለው ጫካ አለቀና ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም የማዛወር ሐሳብ መጣ። አዲስ አበባን ካለችበት እንዳትነሳ ያደረጋት አንዱ ነገር ከውጭ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው።

ዛሬ ደግሞ ደጋው በከፊል የሚሞቀው በቆላው ግራር ነው። በአፋርና በአዋሽ አካባቢ በሚያልፉ መንገዶች ዳር የተደረደረውን የከሰል ጆንያ የማያውቅ መንገደኛ የለም። እኔ ይህንን "በአይሱዙ የሚሠራ ሂት ፓምፕ" እለዋለሁ፤ የቆላ ሙቀት በጆንያ ታስሮ ደጋ ይወጣል። ቆላው የሚቀረው ጥላ አልባ መሬት ነው። ደጋው ጋ ደግሞ የባሰ ነገር አለ። በር ዘግቶ፣ ከሰል አቀጣጥሎ መተኛት ይገድላል። ካርቦን ሞኖክሳይድ አይሸትም፣ አይታይም፤ ጢሱ አለቀ፣ ፍሙ ቀላ፣ አሁንማ ንጹሕ ነው ስትሉ ነው የሚጎዳችሁ። በክረምት ሌሊት የሚጠፋው ሕይወት ከዚህ ጉዳይ ውስጥ ዋናው ነው፤ የመብራት ሂሳቡ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ሦስተኛው መልስ የተጻፈው ሣህለ ሥላሴ ከሞቱ ከአምስት ዓመት በኋላ ነው። በ1852 ዊልያም ቶምሰን፣ በኋላ ሎርድ ኬልቪን የተባለው የፊዚክስ ሊቅ፣ አንድ ማሽን ሙቀትን ከቀዝቃዛ ቦታ ስቦ ወደ ሙቅ ቦታ በማሻገር ቤት ሊያሞቅ ወይም ሊያቀዘቅዝ እንደሚችል አሳየ። በዚያው አሥርት ዓመት ኦስትሪያ ውስጥ ፔተር ፎን ሪቲንገር ሐሳቡን ኤበንዜ በተባለ የጨው ማምረቻ ላይ ሞከረው፤ የጨው ውሃ ለማትነን። የኛ ነጋዴዎች ፀሐይ ያደረቀውን የአሳል ጨው በግመል ሲያመላልሱ መሆኑ ነው። በ1938 ደግሞ የዙሪክ ማዘጋጃ ቤት ከሊማት ወንዝ ሙቀት እየሳበ መሞቅ ጀመረ። በዚያው ሰሞን ጣሊያኖች ጣርማ በር ላይ ዋሻ ይቆፍሩ ነበር።

አሠራሩን ለመረዳት ሮቢ ወንዝ ዳር ሽንኩርት የሚያለማ ገበሬ የያዘውን የውሃ መሳቢያ ሞተር አስቡ። ሞተሩ ውሃ አይሠራም፤ ያለውን ውሃ ከዝቅታ ወደ ከፍታ ያወጣል። ማሳው ከወንዙ ብዙም ካልራቀ ትንሽ ነዳጅ ይበቃዋል፤ ዳገት ላይ ከሆነ ግን ነዳጁን ይጠጣል። ሂት ፓምፕም ያው ነው፤ "ከፍታው" በውጭና በቤት ውስጥ ያለው የሙቀት ልዩነት ነው። ውጭው አምስት ዲግሪ፣ ቤቱ ሃያ ዲግሪ ሲሆን መጠነኛ ዳገት ነው፤ ጥሩ ማሽን በአንድ እጅ መብራት ሦስት ወይም አራት እጅ ሙቀት ያስገባላችኋል። ተራው የኤሌክትሪክ ሂተር በአንድ እጅ መብራት አንድ እጅ ብቻ ነው የሚሰጠው። ጣቢያቸው ከዜሮ በታች ሠላሳ ዲግሪ የሚወርድባቸው አገሮች ዳገቱ ስለሚበረታባቸው ይቸገራሉ። የኛ ደጋ ግን ለዚህ ማሽን የተመቸ ነው። መብራታችንም በአብዛኛው ከውሃ የሚመነጭ ነው፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ ደግሞ አቅሙን ጨምሮታል።

ወደ ምርጫው እንምጣ። ቤታችሁ ሸዋ ሮቢት፣ አጣዬ ወይም ቀወት ሜዳ ላይ ከሆነ ማሞቂያ አያስፈልጋችሁም፤ የምትፈልጉት ያው ማሽን በተቃራኒ ሲዞር የሚሆነውን፣ ማለትም ኤሲውን ነው። ከዚያ በፊት ግን ቀና ብላችሁ ጣሪያችሁን እዩ። አያቶቻችሁ የሣር ክዳን ነበራቸው፣ የጋራው ሰው አፈር ነበረው፤ እኛ ቆርቆሮ አለበስነው። ቆርቆሮ ዝናብን ችሏል፣ ፀሐይን ግን አስገብቷል። ኮርኒስ አድርጉበት፣ በቆርቆሮውና በኮርኒሱ መሃል አየር የሚመላለስበት ቀዳዳ ተዉ፣ በምዕራብ በኩል ዛፍ ትከሉ። ይህንን ሳታደርጉ ትልቅ ኤሲ መግዛት በቀዳዳ እንስራ ውሃ መቅዳት ነው። ብዙ ሰው ይህ ከተደረገ በቬንትሌተር ብቻ ይበቃዋል።

ደብረ ብርሃን ከሆናችሁ ነገሩ ይለያል። ማቀዝቀዝ ብቻ የሚችል ኤሲም ስላለ ሪሞቱን አይታችሁ አረጋግጡ፤ የበረዶ ምልክት ብቻ ካለው ተዉት፣ የፀሐይ ምልክትም ይኑረው። ሌላው፣ በዚያ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠረፍ በሩብ ያህል የሳሳ ነው። የሳሳ አየር በአንድ ንፋስ የሚሸከመው ሙቀት ትንሽ ስለሆነ፣ ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን አቅም ሙሉ በሙሉ አትመኑ፤ አንድ ደረጃ ከፍ ያለውን ውሰዱ። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ሲወርድ የውጭው ክፍል ላይ በረዶ ሊይዝ ይችላል፤ ማሽኑ ለጥቂት ደቂቃ ማሞቁን አቁሞ ራሱን ሲያቀልጥ ተበላሸ ብላችሁ ባለሙያ አትጥሩ። መብራቱ ከፍ ዝቅ ለሚልበት ሰፈር ስታብላይዘር ይጨመር። ባለ ኢንቨርተሩ ሞተር ዋጋው ቢወደድም ሲነሳ መስመሩን አያንገጫግጭም።

አንድ ቦታ ላይ ግን ቆላና ደጋ በአንድ ማሽን ሊገናኙ ይችላሉ፤ የደሴ መንገድ ሆቴሎች ላይ። ውሃ የሚያሞቅ ሂት ፓምፕ ሙቀቱን የሚወስደው ከአየር ነው፤ ኩሽና ወይም ምግብ ቤት ውስጥ ከተቀመጠ ያንን ክፍል እያቀዘቀዘ ለሻወር የሚሆን ውሃ ያሞቃል። ሸዋ ሮቢት ላይ ሙቅ ውሃ ማን ይፈልጋል? በነሐሴ ዝናብ ጣርማ በርን አቋርጦ፣ ጎማ ቀይሮ፣ ማታ የሚደርስ የከባድ መኪና ሾፌር ይፈልጋል።