«ነፍስ ይማር» እና «ጌታ ጋ ናት»፦ የአንድ ግሥ ታሪክ

ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው፤ ጊዜ ያላችሁ አሁን፣ የሌላችሁ ማታ አንብቡት።

በ2001 ዓ.ም. አክስቴ ስትሞት እዚሁ ላፍቶ፣ እድሩ በተከለልን ድንኳን ለቅሶ ተቀመጥን። በአንድ በኩል ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ የእናቴ ወገኖች አሉ። በሌላ በኩል አክስቴ በመጨረሻ ዓመታቷ አብራቸው ታመልክ የነበሩ ሰዎች ተቀምጠዋል። ከወዲህ የሚገባው «ነፍስ ይማር» ይላል። ከወዲያ የሚገባው ደግሞ «አታልቅሱ፣ እሷ ጌታ ጋ ናት» ይላል። እናቴን ይሄ ሁለተኛው አንገበገባት። «ፍርዱን ማን ነገራቸው?» አለችኝ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ። ትንሽ ቆይቶ አንዲት ጎረቤታችን ለጓደኛዋ «የዳነችን ሰው ይማራት ይላሉ እንዴ?» ስትል ሰማኋት።

ያኔ የተለመደው የጴንጤና የኦርቶዶክስ ንትርክ ነው ብዬ አለፍኩት። ቆይቶ ነው የገባኝ። ሁለቱ ሴቶች የተለያዩት በአንድ ግሥ ላይ ነው፦ «ዳነ»። ያለቀ ነገር ነው? በመካሄድ ላይ ያለ ነው? ወይስ ገና የሚመጣ? ይህ ጥያቄ በዚህች አገር ደም አፍስሷል፣ ምላስ አስቆርጧል። አክስቴንም፣ እንደማምነው፣ ከመቃብር አድርሷታል። ወደዚያ እመለሳለሁ።

መጀመሪያ ቃሉን እንየው። በአማርኛ ከወባ የተነሳ ሰው «ዳነ» ይባላል። ከኃጢአት የተፈታም «ዳነ» ይባላል። ከፋርማሲ የምንገዛው «መድኃኒት» እና የምንማልበት «መድኃኔዓለም» የአንድ ሥር ቅርንጫፎች ናቸው፤ ሥሩም የግዕዙ «ድኅነ» ነው። ለታመመ «እግዜር ይማርህ» እንላለን፣ ለሞተ «ነፍስ ይማር» እንላለን፤ ያው አንድ ግሥ ነው። አዲስ ኪዳን የተጻፈበት ግሪክም እንዲሁ ነው። ኢየሱስ ድውዮችን ሲፈውስ ወንጌላውያኑ የሚጠቀሙበት አንዱ ግሥ ነፍስን ለማዳንም የሚያገለግለው ራሱ ግሥ ነው። ጳውሎስ ደግሞ ይህን ግሥ በሦስቱም ጊዜ ያረባዋል። በሮሜ ምዕራፍ 8 ላይ ድነናል ይላል፣ ያለፈ። በአንደኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 1 ላይ በመዳን ላይ ስላሉ ሰዎች ይናገራል፣ የአሁን። በሮሜ ምዕራፍ 5 ላይ ደግሞ እንድናለን ይላል፣ የወደፊት። ሦስቱንም የጻፈው አንድ ሰው ነው። ጣጣው የመጣው ከእሱ በኋላ የተነሱ ሰዎች አንዱን ይዘው ሁለቱን ሲጥሉ ነው።

ለእኛ አገር የመጀመሪያው ጳጳስ ፍሬምናጦስ (አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን) የተሾመው በእስክንድርያው አትናቴዎስ እጅ ነው፤ ዘመኑ 4ኛው ክፍለ ዘመን። ይህን ሁላችንም በትምህርት ቤት ሰምተናል። ብዙ ጊዜ የማይነገረው አትናቴዎስ ስለ ድኅነት ምን ያስተምር እንደነበር ነው። ለእሱ የሰው ችግር በመጀመሪያ ደረጃ የፍርድ ቤት ክስ አይደለም፤ መበስበስ ነው፣ ሞት የያዘው ባሕርይ ነው። ቃል ሥጋ የሆነው ያንን ባሕርይ ከውስጥ ገብቶ ሊያድሰው ነው። ማለትም ነገሩ ከችሎት ይልቅ ለሐኪም ቤት የቀረበ ነው። ወደ አክሱም ጳጳስ የላከው ሰው ይህን ያስተምር ነበርና፣ ቋንቋችን ፈውስንና ድኅነትን በአንድ ግሥ መጥራቱ በደንብ ገጥሞለታል።

ከዚያ ብዙ መቶ ዓመት ልዝለል። በ1622 እ.ኤ.አ. አፄ ሱስንዮስ ካቶሊክነታቸውን በይፋ አወጁ። ቀጥሎ የመጣው ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴስ ምእመኑ እንደገና ይጠመቅ፣ ካህናቱ እንደገና ይሾሙ አለ። እስቲ አስቡት። በ40 ቀኑ የተጠመቀ ገበሬ፣ አባቱም አያቱም እንዲሁ የተጠመቁ፣ በአንድ ጠዋት «የአንተ ጥምቀት አይቆጠርም» ሲባል። አባቱ ታዲያ የት ነው ያለው? ሕዝቡ ለዓመታት ያመፀው ለብዙ ምክንያት ነው፤ ይህ ግን አንዱ ነበር ብዬ አምናለሁ። በ1632 ንጉሡ ሃይማኖቱን መልሰው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ።

ኢየሱሳውያኑ ከአገር ወጡ፤ ያስነሱት ጥያቄ ግን ቀረ። ክርስቶስ አምላክ ከሆነ በመንፈስ ቅዱስ መቀባቱ ለምን አስፈለገ? የጎጃም ሊቃውንት «በቅብዓት ከበረ» አሉ። የካራ ወገን «በተዋሕዶ ከበረ» አለ፤ ወልድ ራሱ ቅብ ነው፣ ሌላ ነገር አልጨመረም። በጎንደርና በሸዋ የበረታው የጸጋ ወገን ደግሞ ሦስት ልደት አስተማረ፦ ከአብ፣ ከድንግል ማርያም፣ እና በመንፈስ ቅዱስ ጸጋ። ይህን ክርክር ዛሬ የሚያነብ ሰው ያዛጋዋል፤ እኔንም አዛግቶኛል። ግን ጠጋ ብላችሁ እዩት። የሚጠይቁት የሰው ባሕርይ መቼና በምን ዳነ እያሉ ነው። ቃል ሥጋን በተዋሐደባት በዚያች ቅጽበት ሁሉ ነገር አለቀ? ወይስ አዳም ያጣውን ልጅነት ለመመለስ ሌላ እርምጃ፣ መቀባት፣ ያስፈልግ ነበር? ዛሬ የእኛ ሰፈር ሰዎች በእያንዳንዱ አማኝ ሕይወት ላይ የሚጠይቁትን ጥያቄ እነሱ በክርስቶስ ላይ ጠይቀውታል።

ክርክሩ በይፋ የተዘጋው በግንቦት 1870 ዓ.ም. ወሎ ውስጥ ቦሩ ሜዳ ላይ ነው። አፄ ዮሐንስ 4ኛ ሰበሰቡ፣ ምኒልክም ተገኙ። ሦስት ልደት ተወገዘ። አንመለስም ካሉት መካከል ምላሳቸው የተቆረጠ እንዳለ ይነገራል። በዚያው ጉባኤ የወሎ ሙስሊም ባላባቶች እንዲጠመቁ ታዘዘ፤ በንጉሥ ትእዛዝ የሚጠመቅ ሰው «ዳነ» ይባል እንደሆነ ግን የጠየቀ አላጋጠመኝም።

ሊቃውንቱ እንዲህ ሲከራከሩ ሕዝቡ የራሱን መሰላል ይወጣ ነበር። ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀኗ ትጠመቃለች። ሜሮን ይቀባል፣ ሕፃኑ ይቆርባል። ጉርምስና ሲመጣ ቁርባን ይቋረጣል፤ መሐሉ ባዶ ነው። ጾም አለ፣ ማኅበር አለ፣ የንስሐ አባት አለ፣ ቁርባን ግን የለም። ሽማግሌው ወይም አሮጊቷ «ዓለም በቃኝ» ሲሉ ወደ ቁርባኑ ይመለሳሉ። ከዚያ ፍትሐት፣ ከዚያ የ40 ቀን ተዝካር። ይህ በየትኛውም የሥነ መለኮት መጽሐፍ ላይ እንደ ሥርዓት የተጻፈ አይደለም፤ ቤተ ክርስቲያኒቱም ወጣቱ ይቁረብ ብላ ነው የምታስተምረው። የኖርንበት ግን ይሄ ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ በላዔ ሰብእ አለ። 78 ሰው የበላ ሰው፣ አንድ ቀን በእመቤታችን ስም ለለመነው ለምጻም ጥርኝ ውኃ ሰጠ፤ በሚዛኑ ላይ ያ ጥርኝ ውኃ ደፋ። ፕሮቴስታንቱ ይህን ሲሰማ ያብዳል። እኔ ልጅ ሆኜ ከአያቴ አፍ ስሰማው የገባኝ ሌላ ነገር ነው። ማንም ሰው አልቆለታል አይባልም፤ ደግሞም ማንም ሰው እርግጠኛ አይሁን። «ነፍስ ይማር» ከዚህ ነው የሚወጣው። ፍርሃትም አለው፣ ተስፋም አለው።

ሌላኛው መሰላል የተሠራው ሩቅ ነው። ሉተር ጽድቅ በእምነት የሚሰጥ ፍርድ ነው ሲል የእግዚአብሔርን ውሳኔ ወደ ያለፈ ጊዜ አመጣው፤ ጥሩም አደረገ፣ በዘመኑ ለተጨነቀ ሕሊና እረፍት ነበር። ከእሱ በኋላ የመጡት ግን መደርደር ወደዱ። እንግሊዛዊው ዊሊያም ፐርኪንስ በ1590 ባሳተመው መጽሐፍ የመዳንንና የመጥፋትን ደረጃዎች በሰንጠረዥ ሣላቸው፤ ማንበብ የማይችል ሰው እንኳ በጣቱ እየተከተለ እንዲያያቸው። መጠራት፣ ማመን፣ መጽደቅ፣ መቀደስ፣ መክበር። ጀርመናዊው አውጉስት ሄርማን ፍራንኬ ደግሞ በ1687 ለስብከት ሲዘጋጅ ትልቅ ጭንቀት ውስጥ ገብቶ በአንድ ሌሊት ብርሃን አየ፤ ይህ ልምዱ በተከታዮቹ ዘንድ ለሌላው ሁሉ መለኪያ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ነው መዳን ቀን ያለው ነገር የሆነው።

ይህን መንፈስ ወደ እኛ ያመጡት ሚሲዮኖች ናቸው። የስዊድን ወንጌላውያን በ1866 ምጽዋ ደረሱ፤ በ1920ዎቹ መጨረሻ ደግሞ የሱዳን ኢንቲሪየር ሚሽን ሰዎች ወደ ወላይታና አካባቢው ወረዱ። ጣልያን ሚሲዮኖቹን ሲያባርር ጥቂት የተጠመቁ ሰዎች ትተው ሄዱ፤ ሲመለሱ በሺዎች የሚቆጠሩ አማኞች አገኙ። «ጌታን የተቀበልኩት በዚህ ዓመት፣ በዚህ ወር ነው» የሚለው አነጋገር እየተለመደ መጣ።

አንድ ነገር ለሐቅ ልናገር፤ የኦርቶዶክስ ልጅ ብሆንም። በደርግ ዘመን «ድኛለሁ» ማለት ዋጋ ነበረው። አዳራሾች ተዘጉ፣ ሰዎች ታሰሩ። ያኔ ቀኑን የሚያስታውስ ሰው ቀኑን የሚያስታውሰው ከፍሎበት ነው። ከ1983 በኋላ ግን ቃሉ እየረከሰ ሄደ፤ በየማይክሮፎኑ፣ በየድንኳኑ። ይህን ከእኔ ይልቅ የሚያማርሩት የራሳቸው አሮጌ አማኞች ናቸው።

የእኛ ክፍለ ከተማ እዚህ ታሪክ ውስጥ ትልቅ ቦታ አለው። መካኒሳ የሚገኘው የመካነ ኢየሱስ ሴሚናሪ በ1960 እ.ኤ.አ. የተቋቋመ ነው፤ በአጥሩ በኩል በታክሲ ስንቶቻችን አልፈናል። የዚያች ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ነበሩ። በ1972 እ.ኤ.አ. ቤተ ክርስቲያኒቱ ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን አንድ ደብዳቤ ላከች። ለጋሾቹ ለጉድጓድና ለክሊኒክ ገንዘብ ይሰጣሉ፣ ለስብከት ግን አይሰጡም ነበር። የደብዳቤው መልስ፣ በእኔ አማርኛ፣ ይህን ይመስላል፦ ሰውን ሥጋና ነፍስ ብላችሁ የከፈላችሁት እናንተ ናችሁ፤ እኛ ዘንድ ሰው አንድ ነው፣ መዳኑም አንድ ነው። ሳስበው ይገርመኛል። በሉተራን ትምህርት ቤት የተማረ የወለጋ ሰው ዞሮ ዞሮ ወደ አትናቴዎስ ሐኪም ቤት ገባ። ጉዲና ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ታፍነው ተገደሉ።

ካቶሊኮችና ሉተራኖችም በ1999 እ.ኤ.አ. አውግስቡርግ ላይ ተቀምጠው በጽድቅ ጉዳይ መሠረታዊ ስምምነት ፈርመዋል። ወደ 500 ዓመት የሚጠጋ ጠብ። ወደ ላፍቶ ድንኳን ግን ወሬው አልደረሰም።

አሁን ወደ አክስቴ ልመለስ። የኤችአይቪ መድኃኒት በአገራችን በነፃ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። እሷ በ1998 ጀመረች። ክብደቷ ተመለሰ፣ ፀጉሯ ተመለሰ፣ ቤተሰብ ላይ መቆጣት ጀመረች፤ ደህና ነች ማለት ነው። በ2000 ዓ.ም. አንድ ሸራ የተወጠረበት የጸሎት ቤት ወሰዷት። መድረክ ላይ ወጥታ «ድኛለሁ» አለች። ያለፈ ጊዜ፣ ያለቀ። ከዚያ ቀን በኋላ ኪኒኑን አልነካችም።

ስትወድቅ ደግሞ እኛ፣ የእናቴ ወገኖች፣ የተሻልን አልነበርንም። ጸበል ወሰድናት። ሻንጣዋን የተሸከምኩት እኔ ነኝ። እዚያ ከነበሩት አስተናባሪዎች አንዱ «ጸበልና ኪኒን አይስማሙም፣ እምነት ይጠይቃል» አለን፤ እኛም ዝም አልን። አቡነ ጳውሎስ ግን ከዚያ ቀደም ብሎ በ1999 ዓ.ም. ሁለቱንም አብራችሁ ውሰዱ፣ ሁለቱም ከእግዚአብሔር ናቸው ብለው በይፋ ተናግረው ነበር። እኛ ጋ አልደረሰም፣ ወይም ደርሶ አልሰማንም። አንደኛው ወገን አልቋል ብሎ መድኃኒቱን አስጣላት፣ ሌላኛው ወገን ገና ነው፣ ትጠብቅ ብሎ አስጣላት። በመሐሉ ያለው፣ በየቀኑ ጠዋትና ማታ አንዳንድ ኪኒን የሚዋጥበት፣ «እየዳንኩ ነው» የሚባለው ጊዜ ባለቤት አጣ። ሁለት ወር ቆየች።

በ40ኛው ቀን እናቴ ተዝካር ደገሰች። ያቺ ድንኳን ውስጥ ያንሾካሾከችው ጎረቤታችን መጣች። ከተዝካሩ አልቀመሰችም፤ ቡናውን ግን እስከ በረካ ድረስ ተቀምጣ ጠጣች። እናቴ ራሷ ነበረች የቀዳችላት። ስለ ጠቡ አንዳቸውም አላነሱም። ልትሄድ ስትነሳ በሩ ላይ ቆም ብላ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» አለች። እናቴም «አሜን» አለች።