ሐኪም ሮዜንዶ አይረስ ሪቤሮ በሜዳ አህያ ላይ
ፎቶግራፍ፤ ናይሮቢ፤ የ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ

ናይሮቢ ገና የምድር ባቡር ሠራተኞች ሰፈር ሳለች፣ በ1900 እ.ኤ.አ. ከጎአ መጥተው በድንኳን ውስጥ ማከም የጀመሩት ሐኪም ሪቤሮ፣ በከተማይቱ የግል ሕክምና በመክፈት ቀዳሚ እንደ ነበሩ ይነገራል። ድውያንን ሊጠይቁ የሚወጡት፣ እዚህ እንደሚታየው፣ ኮርቻና ልጓም በለመደ ዥንጉርጉር የሜዳ አህያ ላይ ተቀምጠው ነበር፤ እንስሳውም ኋላ ለቦምቤ የአራዊት ማቆያ ተሸጠ ይባላል። በ1902 እ.ኤ.አ. በሕንዶች ገበያ የገባውን ቸነፈር ለይተው ባስታወቁ ጊዜ፣ ሹማምንቱ ደዌው እንዳይዛመት ገበያውን በእሳት አቃጠሉት። የፖርቱጋል ምክትል ቆንስልም ሆነው አገልግለዋል። በ1951 እ.ኤ.አ. ሲያርፉ፣ ከልጆቻቸው አንዱ የአባቱን ሙያ ወርሶ ሐኪም ሆኖ ነበር፤ የጎአ ተወላጆች ትምህርት ቤትም በስማቸው ተጠርቶ ነበር።