ጊዚፕ ኮሞዶር 64 ውስጥ እንዴት ገባ

እስቲ ጠጋ በሉ። የዛሬው ትረካ የንጉሥም የጦርም አይደለም። ፋይል ጨምቆ የሚያሳንሰው ጊዚፕ፣ 64 ኪሎባይት ሜሞሪ ብቻ ባላት አሮጌ የቤት ኮምፒውተር ውስጥ እንዴት እንደተስተናገደ ነው የምነግራችሁ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር እጠራለሁ።

ነገሩ የሚጀምረው ከኮምፒውተሯ በፊት ነው። በ1951 በአሜሪካው ኤምአይቲ፣ ሮበርት ፋኖ የተባለ መምህር ለተማሪዎቹ ምርጫ ሰጣቸው፤ ወይ የማጠቃለያ ፈተና መቀመጥ፣ ወይ አንድ ጥያቄ ሠርቶ ማምጣት። ጥያቄው ይህ ነው፦ ቶሎ ቶሎ ለሚመጣ ፊደል አጭር፣ አልፎ አልፎ ለሚመጣው ረዘም ያለ የቢት ምልክት ሲሰጥ፣ ከሁሉ የሚያንሰው ድልድል የትኛው ነው? መምህሩ ጥያቄው እሱን ራሱንና የመረጃ ንድፈ ሐሳብ ሊቁን ክሎድ ሻነንን ያስቸገረ መሆኑን ትንፍሽ አላለም። ከተማሪዎቹ አንዱ፣ ዴቪድ ሃፍማን፣ ወራት ለፋበት። ተስፋ ቆርጦ፣ ለፈተናው ላጥና ብሎ ማስታወሻውን መጣል ሲጀምር መልሱ ብልጭ አለለት። ሌሎቹ ከላይ ወደ ታች ሲከፋፍሉ፣ እሱ ከታች፣ እምብዛም ከማይታዩት ከሁለቱ ፊደሎች ተነሥቶ ወደ ላይ አያያዘው። በቃ፣ ተፈታ። መምህሩ እውነቱን ነግሮት ቢሆን ኖሮ ሃፍማን ጥያቄውን የሚነካው አይመስለኝም።

ሁለተኛው ብልሃት የመጣው በ1977 ከእስራኤል፣ ሃይፋ ካለው የቴክኒዮን ዩኒቨርሲቲ ነው። ያኮብ ዚቭና አብርሃም ሌምፔል ያደረጉት ነገር ለቢሮ ደብዳቤያችን እንግዳ አይደለም፤ አንዴ የተጻፈውን ደግሞ ከመጻፍ «ከላይ እንደተጠቀሰው» ብሎ ማለፍ ነው። ልዩነቱ የእነሱ «ከላይ» በቁጥር የተወሰነ መሆኑ ነው፦ ይህን ያህል ባይት ወደ ኋላ ሂድ፣ ይህን ያህል ባይት ገልብጥ።

ጊዚፕ በሚጠቀምበት መንገድ ሁለቱን ብልሃት ያጋባው የሚልዋኪው ፊል ካትዝ ነው። በ1988 ኤስኢኤ የተባለው ኩባንያ «አርክ» በተሰኘው የመጭመቂያ ፕሮግራሙ የተነሣ ከሰሰው። ክሱ በስምምነት አለቀ፤ ካትዝም በ1989 ፒኬዚፕ የተባለ የራሱን መጭመቂያ ይዞ ብቅ አለ። በ2000፣ በ37 ዓመቱ አረፈ። ሰው የሚያነሣው ክሱንና አሟሟቱን ነው። እኔ ግን ትልቁ ሥራው የዚፕ ፋይሉን አሠራር በጽሑፍ አውጥቶ ማንም እንዲጠቀምበት መፍቀዱ ነው እላለሁ። ዲፍሌት የተባለውን የእሱን አጨማመቅ በ1992 ዣን ሉ ጋይና ማርክ አድለር ወስደው ጊዚፕን ሠሩበት፤ የዩኒክሱ አሮጌ መጭመቂያ የባለቤትነት መብት ጣጣ ስላለበት እሱን ለመተካት ነበር። በ1996 ደግሞ የዲፍሌት ሕግ አርኤፍሲ 1951 በሚባል ሰነድ ተጽፎ ወጣ።

አሁን ወደ ኮምፒውተሯ እንምጣ።

ኮሞዶር 64 ገበያ የወጣችው በ1982፣ በ595 ዶላር ነው። ከቤት ቴሌቪዥን ጋር ትሰካለች። ፕሮሰሰሯ በ1 ሜጋኸርዝ ገደማ ይሠራል፤ መሥሪያ ሬጂስተሮቹ ሦስት፣ እያንዳንዳቸው 8 ቢት። ማባዛት የሚባል ትእዛዝ አያውቅም። ስታኩ 256 ባይት ነው። ስትከፍቷት ለቤዚክ የተረፈው 38911 ባይት እንደሆነ በስክሪኗ ላይ ትነግራችኋለች።

በ1990ዎቹ ወዳጆቿ በየቦታው የሚያገኙት ፋይል ዚፕ ወይም ጊዚፕ ሆነ። እሱን ለመፍታት ሌላ ኮምፒውተር መለመን ሊኖርባቸው ነው። እንግዲህ እናሻግረው ተባለ። ግን ምኑን? በሲ ቋንቋ የተጻፈው ኮድ 32 ቢት ቁጥርና ሰፊ ሜሞሪ አለኝ ብሎ የተጻፈ ነው። በተለመደው አሠራር ዲፍሌት ለመጭመቅ ብቻ 256 ኪሎባይት ገደማ ይወስዳል፤ አራት ኮሞዶር ማለት ነው። ለመፍታት ግን ዋናው ወጪ 32 ኪሎባይት ነው። ስለዚህ መጭመቁ ቀረና መፍታቱ ተያዘ። ኮዱም እዚያው ቀረ፤ ፈቺው ሕጉን መሠረት አድርጎ በአሴምብሊ እንደ አዲስ ተጻፈ።

32 ኪሎባይቱ ለምን? «ከላይ እንደተጠቀሰው» የሚለው ትእዛዝ እስከ 32768 ባይት ወደ ኋላ ሊጠቁም ስለሚችል፣ የተፈታው ሁሉ እስከዚያ ድረስ ሜሞሪ ውስጥ መቆየት አለበት። ይህ የኮምፒውተሯ እኩሌታ ነው። የላይኛውን እኩሌታ እንስጠው ቢባል፣ እዚያ የኮምፒውተሯ ሮም ፕሮግራሞች፣ የቤዚክ ቋንቋና ዲስክ የሚያነበው ከርናል፣ ተቀምጠዋል። ደግነቱ ከሮሙ ሥር ራም አለ። አድራሻ 1 ላይ ያለችውን ቁጥር ስትቀይሩ ሮሙ ገለል ይላል፣ ራሙ ይገለጣል፤ ዲስክ ማንበብ ሲያስፈልግ ከርናልን መልሶ መጥራት ነው። አንድ ሌላ ጥቅምም አለው። አድራሻው ጫፍ ደርሶ ወደ ዜሮ ሲዞር፣ የላይኛውን ቢት 1 ማድረግ ብቻ ወደ 32 ኪሎባይቱ መጀመሪያ ይመልሰዋል። አንዲት ትእዛዝ ትበቃለች።

የሃፍማኑ ክፍል ያስፈራል እንጂ ብዙም አይከብድም። ፋይሉ ዛፉን ሙሉውን አይዝም፤ የእያንዳንዱን ምልክት ርዝመት ብቻ ይዟል፤ ረጅሙም 15 ቢት ነው። በየርዝመቱ ስንት ምልክት እንዳለ ከቆጠራችሁ ዛፉን መትከል አያስፈልግም። ባይቷን ወደ ቀኝ ገፋ ስታደርጓት የወደቀችው ቢት ካሪ ላይ ትቀመጣለች፤ እሷን ካለው ቁጥር ጋር አያይዞ፣ ከዚያ ርዝመት ብዛት ጋር አስተያይቶ፣ ካልሞላ ሌላ ቢት መጨመር ነው። ጉዱ ያለው ሌላ ቦታ ነው፤ ተራ ቁጥሮች ከትንሿ ቢት ጀምረው ሲታሸጉ፣ የሃፍማን ምልክቶች ግን ከትልቋ ይጀምራሉ። ሰነዱ ይህን በግልጽ ጽፎታል። በጥድፊያ ያነበበ ሰው ግን ከመጀመሪያው ባይት ጀምሮ ዝባዝንኬ ነው የሚወጣለት።

ከዚያ በኋላ ፈተናው 1541 የተባለው የዲስክ ማጫወቻ ነው። በሰከንድ 400 ባይት ገደማ ስለሚያነብ፣ 170 ኪሎባይት የሚይዘው ዲስክ ሙሉውን ለመነበብ ሰባት ደቂቃ ያልፈዋል። በአንዱ ማጫወቻ እያነበብኩ እዚያው ልጻፍ ከተባለ ደግሞ የማንበቢያና የመጻፊያ ራሱ ወዲያ ወዲህ ሲመላለስ ይከርማል፤ መላው አጠራቅሞ በአንዴ ብዙ መጻፍ ነው። ተፈቶ የወጣው እንግሊዝኛ ጽሑፍ ትልቁ ፊደል ትንሽ፣ ትንሹ ትልቅ ሆኖ ቢታያችሁ አትደንግጡ፤ ፋይሉ ደኅና ነው፣ ኮሞዶር የራሷ የፊደል ሰንጠረዥ ስላላት ነው።

የኮሞዶር ፕሮሰሰር በሚመደብበት በ6502 ቤተሰብ፣ ለአታሪ የሚጽፈው ፖላንዳዊ ፒዮትር ፉሲክ ነገሩን የበለጠ አጠበበው። የተፈታው ሁሉ ሜሞሪ ላይ የሚቀር ከሆነ፣ ወደ ኋላ የሚታየው እሱው ራሱ ስለሆነ ለ32 ኪሎባይቱ የተለየ ቦታ መያዝ አያስፈልግም። የእሱ ፈቺ 508 ባይት ነው። በ1541 ልኬት፣ አንድ ብሎክ 254 ባይት ዳታ ስለሚይዝ፣ ልክ ሁለት ብሎክ።

እጃችሁን የሚበላችሁ ፕሮግራመሮች ካላችሁ፣ ቫይስ የተባለው የኮሞዶር ኢሙሌተር በነጻ ይገኛል። አርኤፍሲ 1951 ደግሞ 17 ገጽ ብቻ ነው። ኮዱን ሳትመለከቱ ሰነዱን ብቻ ይዛችሁ ሞክሩት።